ኬሚስትሪን የመረጠ ተማሪ ቀጥሎ ምን ይምረጥ?

የዚህ ዕትም የአንባቢያን ጥያቄዎች አምድ ሙሉ በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ተሰጥቷል፤ እርሱም በዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር የሚያስቡ ወይም ትምህርቱን ጀምረው የትኩረት ዘርፍ ለመምረጥ የተቃረቡ ተማሪዎችና ቤተሰቦቻቸው የሚያነሡት ጉዳይ ነው። ደብዳቤዎቹ ፍሬ ሐሳባቸው ሳይለወጥ አጥረው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከአጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ከኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ ከባዮኬሚስትሪ፣ ከአካባቢ ኬሚስትሪና ከኬሚስትሪ መምህርነት አንዱን እንድንመርጥ እንጠየቃለን። መምህሮቻችን ግን በየጊዜው የሚነግሩን ስለ ኦርጋኒክ፣ ስለ ኢንኦርጋኒክ፣ ስለ ፊዚካልና ስለ አናሊቲካል ኬሚስትሪ ነው። እነዚህ ሁለት ዝርዝሮች አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? ምርጫዬንስ በምን ላይ ልመሥርት?

መልስ፦ ሁለቱ ዝርዝሮች የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነታቸው አስቀድሞ ካልተነገረ ደግሞ ማንንም ግራ ያጋባሉ። መምህሮችህ የሚጠቅሷቸው ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክ፣ ፊዚካልና አናሊቲካል ኬሚስትሪ፣ ከእነርሱም ጋር ባዮኬሚስትሪ፣ የሳይንሱ ቅርንጫፎች ሲሆኑ አንዱ ከሌላው የሚለየው ስለ ቁስ አካል በሚያነሣው ጥያቄ ነው። ትምህርት ክፍሉ ያቀረበልህ ዝርዝር ግን የመርሐ ግብሮች ዝርዝር ነው፤ ከእነዚሁ ቅርንጫፎች የተውጣጡ ኮርሶች ለአንድ ዓይነት ሥራ ወይም ለቀጣይ ትምህርት እንዲስማሙ ተመጥነው የተቀናጁበት ነው። ባዮኬሚስትሪ በሁለቱም ውስጥ መገኘቱ እንዳያሳስትህ፤ ቅርንጫፍም ነው፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ራሱን የቻለ ዲግሪ ይሰጥበታል።

ቅርንጫፎቹን ለመለየት ትርጓሜያቸውን ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ውህድ ይዞ እያንዳንዳቸው ስለዚያ ውህድ ምን እንደሚጠይቁ መከታተል ይሻላል። አሞኒያን እንውሰድ። አንድ የናይትሮጅን አቶም ከሦስት የሃይድሮጅን አቶሞች ጋር የተጣመረበት ይህ ትንሽ ሞለኪውል የናይትሮጅን ማዳበሪያዎች ሁሉ ዋና መነሻ ነው። ፊዚካል ኬሚስትሪ፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ሲገናኙ ምን ያህሉ ወደ አሞኒያ እንደሚለወጥና በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ይጠይቃል። አጸግብሮቱ፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጡ፣ ሙቀት የሚያወጣ በመሆኑ የሙቀት መጠኑ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ ለውጡና ተመላሹ ሲመጣጠኑ የሚገኘው አሞኒያ ይበዛል፤ ነገር ግን ሁለቱን የናይትሮጅን አቶሞች ያያያዘውን ሦስት እጥፍ ቦንድ ለመበጠስ በአንድ ሞል 945 ኪሎጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ በዝቅተኛ ሙቀት አጸግብሮቱ ከመንቀርፈፉ የተነሣ ለምንም አይውልም። ፍሪትዝ ሀበር እ.ኤ.አ. የ1918ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ ይህን ቅራኔ በከፍተኛ ግፊትና በካታሊስት፣ ማለትም አጸግብሮትን በሚያፋጥን ረዳት ቁስ፣ የፈታው ነው።

ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከዚህ ተቀብሎ፣ ናይትሮጅንን የመሰለ እልኸኛ ሞለኪውል ከብረት ጋር ሲገናኝ ቦንዱ ለምን እንደሚላላና ሌሎች ብረታ ብረቶች ይህን ማድረግ የሚችሉት ወይም የሚያቅታቸው ለምን እንደሆነ ይመረምራል። በዚህ ስፍራ የቅርንጫፎቹ ድንበር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ታያለህ፤ ናይትሮጅን በብረት ገጽ ላይ ደረጃ በደረጃ ወደ አሞኒያ የሚለወጥበትን ሂደት ያብራሩትና እ.ኤ.አ. በ2007 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ገርሃርድ ኤርትል የፊዚካል ኬሚስትሪ ሰው ነበሩ። ባዮኬሚስትሪ ደግሞ የሚደነቀው በሌላ ነገር ነው፤ ፋብሪካው ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀትና ከ100 ከባቢ አየር በላይ ግፊት የሚጠይቅበትን ሥራ፣ አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኔዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት በተለመደው ሙቀትና ግፊት ይሠሩታል። በኢንዛይሙ እምብርት የብረት፣ የሰልፈርና የሞሊብዲነም አቶሞች የተሰባሰቡበት አካል አለ፤ የዚህ አካል አሠራር ዛሬም ብርቱ ምርምር ይካሄድበታል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ አሞኒያ ከካርቦን ውህዶች ጋር ሲጣመር ምን እንደሚገኝ ይጠይቃል፤ በመድኃኒቶች ውስጥ በብዛት የሚታዩት አሚኖች የዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ ፍሬድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 ዩሪያን ያለ ሕያው አካል እርዳታ በቤተ ሙከራ መሥራታቸውም በቅርንጫፉ ታሪክ ትልቅ ስፍራ የተሰጠው ክንውን ነው።

የአናሊቲካል ኬሚስትሪ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በዚህ ውኃ ውስጥ ምን ያህል አሞኒያ አለ? ሆኖም አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው አሞኒያ ሲሆን ሌላው ሃይድሮጅን አዮን የተጨመረበት አሞኒየም ነው። ዓሣን አብልጦ የሚጎዳው የመጀመሪያው ነው። የውኃው ፒኤች (የአሲድነቱ ወይም የቤዝነቱ መለኪያ) 9.25 አካባቢ ሲሆን ሁለቱ በእኩል መጠን ይገኛሉ፤ ፒኤቹ ወደ 7 ሲወርድ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም አሞኒየም ይሆናል። ስለዚህ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ለክቶ ያቀረበ ሰው ጥያቄውን ገና አልመለሰም፤ ናሙናው እንዴት ተወሰደ፣ ከመለካቱ በፊት ምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ ልኬቱ ምን ያህል ሊስት ይችላል የሚሉትንም መመለስ ይኖርበታል። ብዙ ተማሪዎች አናሊቲካል ኬሚስትሪን እንደ ደረቅ ልኬት ያዩታል፤ በእኔ እምነት ግን ከቅርንጫፎቹ ሁሉ ይበልጥ የማስተዋል ሥልጠና የሚሰጠው እርሱ ነው፣ ተመራቂም በብዛት የሚቀጠርበት ሙያ ነው።

ከእነዚህ ጥያቄዎች መካከል የትኛው ሲነሣ ቀጥሎ ያለውን ለማወቅ እንደጓጓህ ልብ በል። የምርጫህ የመጀመሪያው መሠረት ይህ ጉጉት ነው፤ ሁለተኛው የመርሐ ግብሮቹ ይዘት ነው።

አጠቃላይ ኬሚስትሪ ቅርንጫፎቹን በተቀራረበ መጠን የሚያስተምር በመሆኑ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ለሚያስብ፣ እንዲሁም ገና ልቡ ላልቆረጠ ተማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ከእርሱ ተነሥቶ ወደ የትኛውም ዘርፍ መግባት ይቻላልና። ባዮኬሚስትሪ የሴል ሥነ ሕይወት፣ የዘር ውርስና የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ኮርሶችን ይጨምራል፤ የጨመረውን ያህል ግን ከኢንኦርጋኒክና ከፊዚካል ኬሚስትሪ ይቀንሳል። የአካባቢ ኬሚስትሪ ስለ አየር፣ ስለ ውኃና ስለ አፈር ያስተምራል፤ የመርሐ ግብሩ ጥንካሬ የሚለካው በውስጡ ባለው የአናሊቲካል ኬሚስትሪ መጠን ነው፤ ይህ ከሳሳ ተማሪው ስለ ብክለት መናገር እንጂ ብክለትን መለካት ሳይችል ይመረቃል። ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ጥሬ ዕቃ ወደ ምርት የሚለወጥባቸውን ሂደቶች፣ የጥራት ቁጥጥርን፣ የደኅንነት ደንቦችንና አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ ውስጥ የሚደረግ የተግባር ልምምድን ያካትታል። ስለ ልምምዱ አጥብቀህ ጠይቅ፤ ለተማሪው በግልጽ የተወሰነ ሥራና ተቆጣጣሪ ከሌለው ልምምዱ ከጉብኝት አያልፍም።

ስለ ኬሚስትሪ መምህርነት ጥቂት ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙዎች ሌላው ሁሉ ሲያመልጥ የሚያዝ አማራጭ አድርገው ያዩታልና። በኬሚስትሪ ትምህርት ጥናት የታወቁት ስኮትላንዳዊው አሌክስ ጆንስቶን እንዳመለከቱት ኬሚስትሪ በአንድ ጊዜ በሦስት ደረጃ የሚታሰብ ትምህርት ነው፤ አንደኛው በዓይን የሚታየው ለውጥ፣ ሁለተኛው የማይታዩት የአቶሞችና የሞለኪውሎች ሁኔታ፣ ሦስተኛው ቀመርና ምልክት ነው። የለመደ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይታወቀው ይሸጋገራል፤ ጀማሪው ግን በዚያ ሽግግር ላይ ይጠፋል። ተማሪው የት ላይ እንደጠፋ አውቆ የሚመልሰው መምህር ትምህርቱን ከማንም ባላነሰ ጥልቀት ሊያውቀው ይገባል። ስለዚህ መምህርነትን ከመረጥህ የሥነ ማስተማር ኮርሶቹ በከፍተኛ የኬሚስትሪ ኮርሶች ቦታ የገቡ መሆን አለመሆናቸውን መርምር፤ ገብተው ከሆነ የቀሩትን በምርጫ ኮርስ መልክ ለመውሰድ ጠይቅ።

በተግባር የምታደርገው ይህ ነው። የምታመነታባቸውን ሁለት መርሐ ግብሮች የኮርስ ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጥና የሚመሳሰሉትን ሰርዝ። አብዛኛውን ጊዜ ሰፊው ክፍል አንድ ሆኖ ይገኛል፤ ሳይሰረዙ የቀሩት ጥቂት ኮርሶች ናቸው እውነተኛው ምርጫህ። በተለይ ከአንደኛው ዝርዝር ምን እንደጎደለ ተመልከት። ፊዚካል ኬሚስትሪ ወደ አንድ ወሰነ ትምህርት ያጠረበት ወይም ከፍተኛ የቤተ ሙከራ ኮርስ የሌለበት መርሐ ግብር ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር ወደፊት የሚዘጋው በር አለ።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። ኬሚስትሪን እጅግ እወዳለሁ፤ ዘመዶቼ ግን ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ያው ኬሚስትሪ ስለሆነና የተሻለ ሥራ ስላለው እርሱን ያዢ ይሉኛል። በእርግጥ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ዘመዶችሽ መልካም አስበው ቢሆንም ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለማየት ወደ አሞኒያ እንመለስ። ሀበር በቤተ ሙከራ ያሳዩትን አጸግብሮት ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ ሲያሸጋግሩት የገጠማቸው ችግር በአጸግብሮቱ ቀመር ላይ የማይታይ ነበር። ከፍተኛ ግፊት ያለበት ትኩስ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ግድግዳ ሰርጎ እየገባ በብረቱ ውስጥ ካለው ካርቦን ጋር ስለሚዋሐድ ጠንካራው ብረት ተሰባሪ እየሆነ ዕቃዎቹ ይፈነዱ ነበር። ቦሽ ያገኙት መፍትሔ የዕቃውን ውስጠኛ ክፍል ካርቦኑ አነስተኛ በሆነ ለስላሳ ብረት መሸፈን፣ ግፊቱን የሚሸከመውን የውጪውን ብረት ደግሞ በትናንሽ ቀዳዳዎች በስቶ ሰርጎ ያለፈው ሃይድሮጅን እንዲወጣ ማድረግ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን ኦፓው ሥራ ጀመረ፤ ቦሽም በከፍተኛ ግፊት ዘዴዎች ላይ ላበረከቱት እ.ኤ.አ. በ1931 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ሀበር «ይህ አጸግብሮት ይሆናል ወይ?» ብለው ጠየቁ፤ ቦሽ ደግሞ «በየቀኑ፣ በቶን፣ ሰው ሳይጎዳ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ከባድ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚፈልጉት ሥልጠና ግን ይለያያል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ሙቀት የሚያወጣ አጸግብሮት በትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለ ችግር ይካሄዳል እንበል። የዕቃውን ስፋትና ቁመት አሥር እጥፍ ብናሳድገው በውስጡ የሚይዘው መጠን 1000 እጥፍ ያድጋል፤ ሙቀት የሚወጣበት ገጽ ግን የሚያድገው 100 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የማቀዝቀዣ ገጽ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በቤተ ሙከራ ሰላማዊ የነበረው አጸግብሮት በፋብሪካ ከቁጥጥር ውጭ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው እንዲህ ያለውን ነገር በማስላት ነው፤ የሙቀትና የቁስ ሽግግር፣ የፈሳሽ ፍሰት፣ የሪአክተር ንድፍ፣ የማጣሪያና የመለያ ዘዴዎች፣ የሂደት ቁጥጥርና የወጪ ስሌት ይማራል። ከኬሚስትሪ የሚማረው ግን ከአንድ የኬሚስትሪ ተማሪ በጣም ያነሰ ነው። ኬሚስትሪን የመረጠችው ደግሞ ሞለኪውሎች እንዴት እንደሚሠሩ፣ እንዴት እንደሚለዩና መዋቅራቸው እንዴት እንደሚታወቅ በብዙ የቤተ ሙከራ ሰዓታት ትማራለች፤ ፓምፕና ቱቦ ስለመንደፍ ግን ምንም ላትማር ትችላለች።

ራስሽን የምትጠይቂው እንግዲህ «ኬሚስትሪን እወዳለሁ?» ብለሽ ሳይሆን «ከኬሚስትሪ የምወደው ምኑን ነው?» ብለሽ ነው። የአንድ ውህድ ባሕርይ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚያስደስትሽ ከሆነ ኬሚስትሪ ግቢ፤ ያ እውቀት ወደ ሚሠራ ሥርዓት ሲለወጥ ማየት የሚያስደስትሽ ከሆነና ሒሳብና ፊዚክስ የማይከብዱሽ ከሆነ ኢንጂነሪንጉን ምረጪ። ስለ ሥራም እውነቱን ማወቅ ይገባሻል። በብዙ አገሮች ኢንጂነር ተብሎ ለመፈረምና ለመመዝገብ የታወቀ የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪም ይህን መብት አያስገኝም፤ ስለዚህ እርሱን እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ አድርገሽ አትቁጠሪው። በአንጻሩ የመድኃኒት፣ የቀለም፣ የምግብና የውኃ ጥራት ቤተ ሙከራዎች የሚፈልጉት ኬሚስቶችን ነው። ለመወሰን ጊዜ ካስፈለገሽ የሁለቱን የአንደኛ ዓመት ኮርሶች ተመልከቺ፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ጠቅላላ ኬሚስትሪ በሁለቱም ስለሚገኙ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ መዛወር ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ከመዛወር እጅግ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ኬሚስትሪ ትማራለች፤ ኮምፒውተርም ትወዳለች። አሁን «ኮምፒውቴሽናል ኬሚስትሪ» በተባለ ዘርፍ ላይ አተኩራለሁ ትላለች። የምሰጋው ከሁለት ያጣች፣ ኬሚስትም ፕሮግራመርም ያልሆነች እንዳትሆን ነው። ይህ በእውነት የታወቀ ዘርፍ ነው?

መልስ፦ ዘርፉ የታወቀና የተከበረ ስለመሆኑ አይስጉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዋልተር ኮንና ጆን ፖፕል የሞለኪውሎችን ባሕርይ በስሌት ለማግኘት ላበጁአቸው ዘዴዎች፣ በ2013 ማርቲን ካርፕለስ፣ ማይክል ሌቪትና አርየ ዋርሸል ውስብስብ ኬሚካዊ ሥርዓቶችን በኮምፒውተር ለመወከል ላዘጋጁአቸው ሞዴሎች፣ በ2024 ደግሞ ዴቪድ ቤከር ለፕሮቲን ንድፍ፣ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር የፕሮቲንን ቅርጽ በስሌት ለመተንበይ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሥራው በመሠረቱ ኤሌክትሮኖች በሞለኪውል ውስጥ እንዴት እንደሚሰፍሩ የሚገልጹትን የኳንተም ሜካኒክስ እኩልታዎች በተቻለ መጠን ተቀራራቢ መልስ ሰጥቶ መፍታት ነው። እኩልታዎቹ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ቢታወቁም ከአንድ በላይ ኤሌክትሮን ላለው ሥርዓት ሙሉ በሙሉ በትክክል ሊፈቱ አይችሉም፤ ስለዚህ የዘርፉ ጥበብ ያለው የትኛው ግምት ለየትኛው ጥያቄ እንደሚበቃ በማወቅ ላይ ነው።

ስጋትዎ ግን ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። አደጋው ያለው ልጅዎ ዘርፉን ከቤተ ሙከራ ለመሸሽ የመረጠችው እንደሆነ ነው። ዝግጁ የሆነ ፕሮግራም ውስጥ የአንድ ሞለኪውል መዋቅር አስገብቶ ቁጥር ማውጣት በጥቂት ሳምንታት የሚለመድ ነገር ነው። የወጣው ቁጥር የሚታመን መሆኑን የሚያውቀው ግን ያ ሞለኪውል በእውነተኛ ሙሙት ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ መዋቅሩን የሚያሳየው የኢንፍራሬድ ወይም የኤን ኤም አር (የኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ) ልኬቱ ምን እንደሚመስል፣ የልኬቱም ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ በእጁ ሠርቶ ያየ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ኮምፒውቴሽናል ኬሚስትሪ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ በአጠቃላይ ኬሚስትሪ ዲግሪ ውስጥ በፊዚካል ኬሚስትሪ በኩል የሚገባበት ዘርፍ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየትም እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው።

ልጅዎ ሙሉውን የኬሚስትሪ ዲግሪ ይዛ፣ በምርጫ ኮርሶችዋ ወይም እንደ ማይነር (ንዑስ የትምህርት ዘርፍ) ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስ፣ የቁጥራዊ ስሌት ዘዴዎችንና እንደ ፓይተን ያለ የፕሮግራም ቋንቋ ብትማር፣ በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ምርምሯን ከዘርፉ መምህር ጋር ብትሠራ፣ የሚፈሩት ነገር አይደርስባትም። ምርምሩ ስሌቱን ከተለካ ውጤት ጋር የሚያነጻጽር ቢሆን ደግሞ እጅግ ይጠቅማታል። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ይዘው በዚህ ዘርፍ ተመራማሪ ሆነው የሚቀጠሩት ጥቂቶች መሆናቸውንና ብዙዎቹ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ እንደሚቀጥሉ ግን ከአሁኑ አብረው ቢነጋገሩበት መልካም ነው። መቀጠል ባትፈልግ እንኳ መረጃን በስሌት የመመርመር ችሎታዋ ከኬሚስትሪ ውጭም ሥራ አያሳጣትም።

ጥያቄ፦ በሥራ ላይ ያለሁ ጎልማሳ ነኝ፤ በማታ መርሐ ግብር ኬሚስትሪ መማር እፈልጋለሁ። ሒሳብ ከተማርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ቀድሞም ጠንካራ አልነበርሁም። ሒሳብ የማይበዛበት ዘርፍ አለ?

መልስ፦ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ባዮኬሚስትሪ በዕለት ተዕለት ሥራቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሒሳብ ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን የትኛውንም ዘርፍ ቢመርጡ ፊዚካል ኬሚስትሪን ሳያልፉ መመረቅ አይቻልም፤ ለእርሱ ደግሞ ካልኩለስ የግድ ነው። በቴርሞዳይናሚክስ ውስጥ ከአንድ በላይ ተለዋዋጭ ያለው ካልኩለስ፣ በአጸግብሮት ፍጥነት ጥናት ውስጥ ቀላል ዲፈረንሻል እኩልታዎች ይመጣሉ። ሆኖም የሚፈለገው የሒሳብ ሊቅነት አይደለም። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው በካልኩለሱ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ነገሮች ማለትም በሎጋሪዝም፣ በክፍልፋይ፣ መለኪያን ከአንዱ አሐድ ወደ ሌላው በመለወጥና እኩልታን በማስተካከል ነው። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት እነዚህን በየቀኑ ጥቂት እየሠሩ ቢያድሱ፣ ቀጥሎም ካልኩለስንና ፊዚክስን ወደ ኋላ ሳይገፉ በመጀመሪያዎቹ ወሰነ ትምህርቶች ቢወስዱ ይችሉታል። መግፋት የሚጎዳው የማታ ተማሪን በተለይ ነው፤ ፊዚካል ኬሚስትሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚሰጥበት ትምህርት ክፍል ቅድመ ሁኔታው አንድ ወሰነ ትምህርት ቢዘገይ ምረቃው አንድ ዓመት ይዘገያልና። ከመመዝገብዎ በፊት የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜዎቹ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ የሚሰጡ መሆናቸውንም ያረጋግጡ፤ የንድፈ ሐሳቡ ክፍል በማታ እየተሰጠ የቤተ ሙከራው በቀን ብቻ የሆነበት መርሐ ግብር ለሠራተኛ አይመችም።

ጥያቄ፦ ቀይና አረንጓዴ ቀለም አጥርቼ መለየት አልችልም። ኬሚስትሪ ለመማር ተመድቤ ነበር፤ አንድ ጓደኛዬ ግን በቤተ ሙከራ ሁሉም ነገር በቀለም ስለሚታወቅ እንደማይሆንልኝ ነገረኝ። ሐሳቤን ልለውጥ?

መልስ፦ አትለውጥ። የዘመናዊውን የአቶም ንድፈ ሐሳብ መሠረት የጣሉት ጆን ዳልተን ራሳቸው ቀለም በአግባቡ መለየት አይችሉም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1794 ስለዚሁ ሁኔታቸው ያቀረቡት ጽሑፍ በጉዳዩ ላይ ከተጻፉት ቀደምት ሳይንሳዊ ገለጻዎች አንዱ ነው። ከሞቱ በኋላ እንዲመረመሩ ያወረሷቸው ዓይኖች ተጠብቀው ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ የዲኤንኤ ምርመራ ለአረንጓዴ አካባቢ ብርሃን የሚያገለግለው የዓይን ተቀባይ እንዳልነበራቸው ታውቋል።

ጓደኛህ የተናገረው ግን ከምንም የመነጨ አይደለም። ችግር የሚገጥምህ በተወሰኑ ሥራዎች ነው። በታይትሬሽን ጊዜ፣ ማለትም መጠኑ የታወቀ ሙሙት ጠብ እያደረጉ የሌላውን መጠን ሲለኩ፣ ጠቋሚው ፌኖልፍታሊን ቀለም ከሌለው ወደ ሮዝ ሲለወጥ ምናልባት ትለየው ይሆናል፤ ሜቲል ኦሬንጅ ከቀይ ወደ ቢጫ ሲሸጋገር ግን ሊያስቸግርህ ይችላል። የዚህ መፍትሔ በፒኤች ሜትር እየለኩ ታይትሬሽኑን መሥራትና የመጨረሻውን ነጥብ ከግራፉ ማንበብ ነው፤ በዓይን ከሚደረገው ይልቅ ትክክለኛም ነው። ጨዎችን በነበልባል ቀለም መለየትና ከሙሙት በሚዘቅጠው ጠጣር (በዝናቢው) ቀለም አዮኖችን ማወቅም ያስቸግሩህ ይሆናል፤ እነዚህ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ልምምዶች ሲሆኑ በከፍተኛ ኮርሶች ቦታቸውን ቁስን በብርሃን የሚመረምረው ስፔክትሮስኮፒና ድብልቅን የሚለየው ክሮማቶግራፊ ይወስዱታል፤ መሣሪያዎቹም የሚሰጡት ቁጥርና ግራፍ ነው። የግራፎቹ መስመሮች በቀለም ብቻ ተለይተው ሲቀርቡልህ በነጠብጣብ ወይም በሰረዝ እንዲለዩልህ ጠይቅ። በደኅንነት ረገድ አንድ ነገር አጥብቀህ ያዝ፤ የጋዝ ሲሊንደርንም ሆነ የኬሚካል ጠርሙስን በቀለሙ አትለይ፤ የተጻፈበትን ስም አንብብ። ይህ ቀለም ለሚለዩትም ቢሆን የሚሠራ ደንብ ነው።

ከዘርፎቹ መካከል ፊዚካል፣ ኮምፒውቴሽናልና በመሣሪያ የሚሠራው አናሊቲካል ኬሚስትሪ ምንም አይከለክሉህም፤ ኦርጋኒክም ቢሆን እንዲሁ። ትምህርቱ እንደተጀመረ፣ የመጀመሪያው የአናሊቲካል ቤተ ሙከራ ኮርስ ከሚሰጥበት ወሰነ ትምህርት ቀደም ብለህ ሁኔታህን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አስታውቅ፤ በየትኞቹ ሙከራዎች በፒኤች ሜትር ወይም በስፔክትሮፎቶሜትር እንድትጠቀም እንደሚፈቀድልህና በፈተና ጊዜ የቀለሙን ለውጥ የሚነግርህ ረዳት እንደሚመደብልህም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥህ ጠይቅ።